አሸዋው አላሸነፈም፦ «በግጥም ውስጥ ተፈጥሮ ሁልጊዜ ታሸንፋለች» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት ብዙ ሰው ያነበበው አንድ መጣጥፍ አለ። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በታላላቅ ግጥሞች ውስጥ ተፈጥሮና ሰው በተጋጠሙ ቁጥር የምታሸንፈው ተፈጥሮ ናት፤ ይህን የማይቀበል ገጣሚ ወይ ሸንጋይ ነው ወይ ራሱን ያታለለ ነው። መጣጥፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ምሳሌዎቹም በዘፈቀደ የተለቀሙ አይደሉም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅሁ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን የተጠቀሱትን ግጥሞች አውጥቼ አጠገቡ ዘረጋኋቸው፤ ያን ጊዜ ግጥሞቹ የሚሉትና ጸሐፊው ይላሉ ያሉት አልገጥም አለኝ።

የሰውን ሐሳብ አጣምሞ መመለስ ቀላል ስለሆነ፣ ጸሐፊው ያሉትን በተቻለኝ መጠን እንዳሉት ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ነጥባቸው፣ ከጥንት ጀምሮ የዘለቁ ግጥሞች የሰውን ሥራ የሚያነሡት መፍረሱን ለማሳየት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሰውን ኃይል የሚያወድስ ግጥም ከቤተ መንግሥት ደጃፍ የሚወለድ ሽንገላ ስለሆነ ዕድሜ የለውም ይላል። ሦስተኛው፣ በጥሩ ግጥም ውስጥ የምትናገረው ተፈጥሮ ራሷ ናት፤ ገጣሚው የሰማውን ከመጻፍ ያለፈ ሥራ የለውም የሚል ነው። በአራተኛው፣ ከተማና ማሽን ግጥም የማይበቅልባቸው ጭንጫ ናቸው ይላሉ። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ተነሥተው፣ የግጥም ትልቁ ተግባር ሰውን ትንሽነቱን ማስተማር ነው፤ በተለይ ሰው በትዕቢቱ ምድርን በሚያበላሽበት በአሁኑ ዘመን ገጣሚ ሁሉ ይህን ሊያደርግ ይገባል ብለው ይደመድማሉ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ዋናው ልዩነታችንም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ጸሐፊው «ኃይል» ሲሉ አንዳንድ ጊዜ ማፍረስ መቻልን፣ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ዘመን መቆየትን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሰውን ልብ መማረክን ማለታቸው ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩም አያስታውቁም። የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈርሳል እንጂ አይቆይም፤ ተራራ ይቆያል እንጂ አያፈርስም፤ መማረክ ደግሞ የሚማረክ ልብ ካልተገኘ ትርጉም የለውም። ሦስቱን በአንድ ከረጢት ከከተትናቸው፣ ተፈጥሮ በአንዱ ስትረታ በሌላው እያስገባን ሁልጊዜ ባለድል ልናደርጋት እንችላለን።

የጽሑፉ ምሰሶ የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ ዋናው ምስክርም እንግሊዛዊው ገጣሚ ፐርሲ ሼሊ በጥር 1818 ያሳተመው «ኦዚማንዲያስ» የተሰኘው የ14 ስንኝ ግጥም ነው። (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግጥሙ ውስጥ አንድ መንገደኛ በበረሃ ያየውን ይናገራል፦ ገላ የሌላቸው ሁለት ግዙፍ የድንጋይ እግሮች፣ አጠገባቸው በአሸዋ ውስጥ ግማሽ የተቀበረ የተሰባበረ ፊት፣ በመቆሚያው ላይ «ሥራዬን ተመልከቱና ተስፋ ቁረጡ» የሚል የንጉሥ ፉከራ፣ በዙሪያውም እስከ አድማስ የተዘረጋ ባዶ አሸዋ። ጸሐፊው ይህን ካስታወሱ በኋላ «ንጉሡ ፎከረ፣ አሸዋው መለሰለት» ይላሉ። አባባሉ ያምራል። ግጥሙ ግን እንዲህ አይልም።

ግጥሙን በዝግታ እናንብበው። አሸዋ በ14ቱ ስንኞች ውስጥ የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት አምስት ስንኞች የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፦ በድንጋዩ ፊት ላይ ስላለው ኩርፊያ፣ ስለ ተጨማደደው ከንፈር፣ ስለ ቀዝቃዛው የትእዛዝ ፌዝ፣ ይህን ሁሉ በንጉሡ ገጽ ላይ አንብቦ በድንጋይ ላይ ስላተመው ቀራፂ። ሼሊ ለቀራፂው እጅ የመረጠው ግሥ በእንግሊዝኛው ሁለት ነገር ይላል፤ መስሎ መሥራትም ነው፣ ማላገጥም ነው። የእኛ ባለቅኔዎች እንዲህ ያለውን ኅብረ ቃል ይሉታል። የግጥሙ ምሥጢር የተቋጠረው እዚህ ነው፤ ንጉሡ ለክብሩ ብሎ ያስቀረፀው ምስል እብሪቱን ለዘለዓለም አጋልጦ አስቀመጠው። በተጨማሪም ሐውልቱን ማን እንደሰባበረው ግጥሙ አይናገርም። አሸዋ ይቀብራል እንጂ ድንጋይ ከወገቡ አይቆርጥም፤ ሰባሪው ጠላት ሠራዊት ይሁን፣ መንቀጥቀጥ ይሁን፣ ዘመን ይሁን ለአንባቢው ተትቷል። ስለዚህ ፉክክሩ በንጉሥና በአሸዋ መካከል ሳይሆን በሁለት ዐይነት የሰው ኃይል መካከል ነው፤ አንዱ ያዛል፣ ሌላው አይቶ ይመዘግባል። አሸዋው የመድረኩ መጋረጃ ነው።

ለዚህ ንባብ አንድ ማስረጃ ልጨምር። ሼሊ ያን ግጥም የጻፈው ከወዳጁ ከሆራስ ስሚዝ ጋር በተመሳሳይ ርእስ ላይ ሲወዳደር ነው፤ የስሚዝም ግጥም በየካቲት 1818 የሼሊ ግጥም በወጣበት መጽሔት ላይ ወጣ። በስሚዝ ግጥም የተፈጥሮ ድል እንዲያውም ይሰፋል፤ በመጨረሻው ላይ ለንደን ራሷ ጠፍታ ምድረ በዳ ሆናለች፣ ተኩላ የሚያሳድድ አዳኝም ከፍርስራሿ አንዱን ቁራጭ አይቶ እዚህ የኖረው ማን ይሆን ብሎ ይደነቃል። የጸሐፊው መመዘኛ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ የበለጠ ታላቅ የሚሆነው ይህ ነበር። ዛሬ ግን የስሚዝን ግጥም ከሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ በስሚዝ ግጥም ውስጥ አሸዋም ፍርስራሽም አለ፣ ቀራፂው ግን የለም። የንጉሡም ነገር አስገራሚ ነው። ኦዚማንዲያስ የግብፁ ንጉሥ የራምሴስ ዳግማዊ የግሪክኛ ስም ሲሆን፣ ከዚህ ንጉሥ ሐውልቶች የአንዱን ራስና ትከሻ ከ7 ቶን በላይ የሚመዝነውን ድንጋይ በ1816 ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ከቴቤስ ወደ ዓባይ ዳር አውርደው ወደ ለንደን ጫኑት። ሼሊ ሲጽፍ ድንጋዩ ገና ለንደን አልደረሰም ነበር። እንግዲህ ያን ፊት የወሰደው አሸዋ ሳይሆን ሰው ነው፤ መውሰዱ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

ጸሐፊው ያላነሡትን፣ ለእርሳቸው ግን ከኦዚማንዲያስ ይልቅ የሚጠቅማቸውን ምሳሌ እኔ ላቀብላቸው። በሆሜር «ኢሊያድ» 12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ግሪኮች በትሮይ ዳርቻ የገነቡት ታላቅ ግንብ ከጦርነቱ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ይነገራል። ፖሲዶንና አፖሎ የወንዞችን አፍ ሁሉ አዙረው ዘጠኝ ቀን ይለቁበታል፤ ዜውስ ሳያቋርጥ ያዘንባል፤ መሠረቱ ሳይቀር ወደ ባሕር ተጠርጎ ይሄዳል፤ ዳርቻው እንደገና አሸዋ ይለብሳል፤ ወንዞቹም ወደ ቀድሞ መንገዳቸው ይመለሳሉ። የተፈጥሮ ኃይል ከዚህ በላይ ተሟልቶ የተሣለበት ጥንታዊ ግጥም አላውቅም፤ እዚህ ላይ ድሉ የእርሳቸው ነው። ብቻ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ግንቡ ምልክት ሳይቀር ጠፍቷል እየተባለ የሚነገረን ግንቡን ባቆመው ግጥም ውስጥ ነው። የጥንታዊው የሜሶጶጣሚያ ግጥም የጊልጋመሽም ነገር እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ጀግናው የዕድሜ ማደሻውን ተክል በእባብ መነጠቁን ጠቅሰው ያቆማሉ፤ ታሪኩ ግን አያቆምም። ጊልጋመሽ ወደ ኡሩክ ሲመለስ ጀልባ ቀዛፊውን በግንቡ ላይ ውጣ፣ መሠረቱን መርምር፣ ጡቡን ተመልከት ይለዋል። ሞትን አለማሸነፉን ግጥሙ አይሸሽግም፤ የመጨረሻ ቃሉ ግን ስለ ተቃጠለ ጡብ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር የቀረበው ሌላው ምስክር ዱ ፉ ነው። ቻይናዊው ገጣሚ በ757፣ ዋና ከተማዋ ቻንግአን በዐመፀኞች እጅ ሳለች፣ በከተማዋ ታግቶ የጻፈውን ግጥም እንዲህ ሲል ይጀምራል፦ ሀገሩ ፈርሷል፣ ተራራውና ወንዙ ግን አሉ፤ በከተማው ጸደይ ገብቷል፣ ሣሩና ዛፉ ጥቅጥቅ ብሏል። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ስንኞች ጠቅሰው «መንግሥት ያልፋል፣ ተራራ ይኖራል» ይላሉ። ግጥሙ ግን ስምንት ስንኝ ነው። በቀጣዮቹ ስንኞች አበባው ያስለቅሳል፣ የወፍ ድምፅ ልብ ያስደነግጣል፤ የጦርነቱ እሳት ሦስት ወር ነድዷል፤ ከቤት የሚመጣ አንድ ደብዳቤ የዐሥር ሺህ ወርቅ ዋጋ አለው፤ መጨረሻ ላይ ገጣሚው ከጭንቀት ብዛት የሚያከው ሽበቱ ሳስቶ ሳስቶ የፀጉር መርፌ እንኳ መያዝ አቅቶታል። ከተራራ የተነሣው ግጥም የሚያርፈው በአንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ነው። ደግሞስ ሀገሩን ያፈረሰው ማነው? ጎርፍ አይደለም፤ ሰው ነው። ተራራውና ወንዙ የቆሙት አሸንፈው ሳይሆን ጠቡ ስላልነካቸው ነው፤ አበባው በዚያ ሐዘን መካከል ማበቡ ገጣሚውን የሚያቆስለውም ግድ የለሽነቱ ነው። ግድ የለሽነትን ኃይል ብለን ከጠራን፣ ሲጣሉ ቆሞ የሚያይ ሁሉ አሸናፊ ሊባል ነው።

ከዚህ ግጥም ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ይህን ክርክር ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በ1689 ጃፓናዊው ገጣሚ ባሾ በጉዞው ላይ ሂራይዙሚ ደርሶ፣ በአንድ ወቅት የጦር ጀግኖች የተዋደቁበት ስፍራ ሣር ብቻ ሆኖ አገኘው። ባርኔጣውን አንጥፎ ተቀመጠና ጊዜው እስኪጠፋበት አለቀሰ፤ ከዚያም ስለ በጋው ሣርና ከጦረኞቹ ሕልም ስለ ተረፈው ነገር ያችን ዕውቅ አጭር ግጥም ጻፈ። ለጸሐፊው ይህም አንድ ተጨማሪ የሣር ድል ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን ባሾ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ በልቡ የሚመላለሰው የዱ ፉ ስንኝ ነበር፤ በጉዞ ማስታወሻው ላይ ራሱ አስፍሮታል። የቻንግአን ሣር በየዓመቱ ደርቋል፤ ስንኙ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋ ለውጦ፣ ከ932 ዓመት በኋላ የሌላ ሀገር ሰው አስለቀሰ። ይህ የንጉሥ ዐይነት ኃይል እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ኃይል አይደለም ማለት ግን አልችልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ለገዢ የተጻፈ ውዳሴ አብዛኛው እንደ ጸሐፊው አባባል ሽንገላ ነው፤ ከተወዳሹ ጋር የሞተውም ብዙ ነው። በዚህ አንጣላም። ነገር ግን የሸንጋይ ገጣሚ መሣሪያ ምንድን ነው? ንጉሡን ፀሐይ ይለዋል፤ አንበሳ ይለዋል፤ ቁጣውን መብረቅ፣ ሠራዊቱን ጎርፍ፣ ልግስናውን ዝናም ይለዋል። ሽንገላ ከተፈጥሮ ግምጃ ቤት ሳይበደር አንድ ስንኝ መቋጠር አይሆንለትም። ስለዚህ ውዳሴው መጥፎ የሆነው ሰውን ስላከበረ ሳይሆን፣ ከዚያ ሰው የሚለቀም እውነት አጥቶ የፀሐይን ብርሃን ስላዋሰው ነው።

የሰውን ኃይል ያለ ሽንገላ ያወደሰ ግጥም ለሚፈልግ ደግሞ ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ አለ። በ441 ዓመተ ዓለም አካባቢ በቀረበው «አንቲጎን» ተውኔት ውስጥ መዘምራኑ ስለ ሰው የሚዘምሩት መዝሙር፣ ብዙ ድንቅ ነገር አለ፣ ከሰው የሚበልጥ ድንቅ ግን የለም ብሎ ይጀምራል። ሰው በክረምት ማዕበል ላይ ይቀዝፋል፤ የማትደክመውን ምድር በማረሻ ያደክማታል፤ ወፍ ያጠምዳል፣ ፈረስ ይገራል፤ ንግግርን፣ ሐሳብንና የከተማ ሥርዓትን ራሱን አስተማረ፤ ለበሽታ መድኃኒት አበጀ፤ ከሞት ማምለጫ ብቻ አላገኘም። መዝሙሩ «ድንቅ» የሚልበት የግሪክኛ ቃል አስፈሪም ማለት ስለሆነ ተርጓሚዎችን ሲያስቸግር ኖሯል። አማርኛ ግን አይቸገርም፤ «ግሩም» የሚል ቃል አለን፤ ዛሬ በጎውን ብቻ ይዞ ቢቀር በግዕዝ የሚያስፈራውንም የሚያስደንቀውንም ይል ነበር፣ «ግርማ»ም ከዚያው የወጣ ነው። ከሰው የበለጠ ግሩም የለም ሲሉ መዘምራኑ የሚሸነግሉት ማንን ነው? በዚያ ተውኔት ያለው ንጉሥ ክሬዮን የሚወድቀው በራሱ ግትርነት ነው። መዝሙሩም ሲያበቃ ይኸው ብልሃት ሰውን አንድ ጊዜ ወደ በጎ፣ አንድ ጊዜ ወደ ክፉ ይመራዋል ብሎ ያስጠነቅቃል። ውዳሴና ፍርሃት በአንድ እስትንፋስ የተነገሩበትን ግጥም ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ልናገኘው አንችልም፤ ከ2,400 ዓመት በላይም ቆይቷል።

ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ደግሞ በ23 ዓመተ ዓለም ባወጣው የኦድ (የመዝሙር መሰል ግጥም) ስብስቡ መዝጊያ ላይ፣ ከነሐስ የሚጸና፣ የሚበላ ዝናም የማያፈርሰው ሐውልት አቆምሁ ብሎ ስለ ገዛ ግጥሙ ፎክሯል። ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ትዕቢት ይሉት ነበር፤ ትንሽ ትዕቢትማ አለበት። ግን ሆራስ ለዝናው ገደብ አበጅቶ ነበር፦ ካህኑ ከዝምተኛዋ ድንግል ጋር በሮማ ወዳለው ወደ ካፒቶል ኮረብታ እስከ ወጣ ድረስ አለ። ያ ሥርዓት ከቀረ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግጥሙ ዛሬም ይነበባል። ፎካሪው ያሳነሰው ፉከራ እንዲህ ያለ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ተፈጥሮ ትናገራለች ገጣሚው ይጽፋል የሚለው፣ ለጆሮ ደስ ይላል። እስቲ እንፈትነው። ተፈጥሮ ራሷ የምትናገር ከሆነ ስለ አንድ ባሕር የተጻፉ ግጥሞች አንድ ነገር በተናገሩ ነበር። ነገር ግን ባሕር በአንዱ መቃብር፣ በሌላው እናት፣ በሌላው ጎዳና፣ በሌላው የማይከፈት በር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግንድ ነቅሎ የሚሄድ ወንዝ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ፍጥረት፣ በአንዲት ስንኝ ቤት እንደሌለው ተንከራታች ሆነ፤ ይህን ወንዙ አልተናገረም፤ ማደሪያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው። ወንዙ ሰም ነው፣ ወርቁ ሰው ነው። ተፈጥሮን «ናት» ብለን በሴት ጾታ መጥራታችንም እኮ የእኛ እንጂ የእርሷ ሥራ አይደለም።

የተፈጥሮ ወዳጅ የተባሉት ገጣሚዎችም ይህን ያውቁ ነበር። እንግሊዛዊው ዎርድስዎርዝ በ1798 ከቲንተርን ገዳም በላይ ባለው የወንዝ ዳር ሆኖ ባሰበው ግጥም፣ ዐይንና ጆሮ የሚያዩትንና የሚሰሙትን ግማሹን ይፈጥሩታል ይላል። ሼሊም በ1816 ከሞን ብላን ተራራ ግርጌ ቆሞ በጻፈው ግጥም በረዶውን፣ ገደሉን፣ ሰው የማይደርስበትን ጫፍ በፍርሃት ካወደሰ በኋላ የሚያበቃው በጥያቄ ነው፦ ለሰው ልጅ አእምሮ ዝምታና ብቸኝነት ባዶ ቢሆኑ ኖሮ አንተ ተራራ፣ ምድርም፣ ከዋክብትም፣ ባሕርም ምን ትሆኑ ነበር? ተራራው አይመልስም። ጸሐፊው ይህን ግጥም ለተራራው ታላቅነት ማስረጃ አድርገው ጠቅሰዋል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ስንኞች ግን ትተዋል።

ይሁን እንጂ ለዚህ ነጥብ የምተወው ቦታ አለ። በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በማግሥቱ ዓመት በአውሮፓ በጋው ሳይሞቅ ቀረ፤ እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረንም በዚያ ጨለማ ሰሞን ፀሐይ ጠፍታ ምድር ስትቀዘቅዝ የሚያሳየውን «ጨለማ» የተባለ ግጥም ጻፈ። የአየሩ መበላሸት ከእሳተ ገሞራው ጋር መዛመዱ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ተፈጥሮ ገጣሚው ሳያውቃት እጇን እስከ ጠረጴዛው ዘርግታለች ቢባል አልከራከርም። ግን የጻፈውን እንይ። ሰዎች ብርሃን ለማግኘት ቤታቸውንና ደናቸውን ያቃጥላሉ፤ ፍቅር ይጠፋል፤ የጌታውን ሬሳ የሚጠብቅ አንድ ውሻ ብቻ ታማኝ ሆኖ ይቀራል፤ በመጨረሻ የተረፉት ሁለት ጠላቶች በእሳት ብርሃን ፊት ለፊት ሲተያዩ ከመልካቸው አስፈሪነት የተነሣ ይሞታሉ። ደመናው የመጣው ከታምቦራ ነው፤ ውሻውና ሁለቱ ጠላቶች ግን ከየት መጡ?

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ከተማ ግጥም አያበቅልም ለሚለው፣ ራሱ ዎርድስዎርዝ በ1802 ከዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ ሆኖ ለንደንን ያየበት ግጥም በቂ መልስ ነው፤ ምድር ከዚህ የሚያምር የምታሳየው የላትም፣ ፀሐይ ሸለቆንም ኮረብታንም ከዚህ አሳምራ አላጠበችም ይላል። ጸሐፊው ከተማዋ ያማረችው ተኝታና ጭስ አልባ ሆና ነው ብለው ቢከራከሩኝ ግማሹን እቀበላለሁ፤ በእርግጥም ግጥሙ የሚወደው ገና ያልነቃችውን ከተማ ነው። ከግማሹ በላይ ግን አልሄድም፤ የተኛውም ልብ ቢሆን የከተማ ልብ ነው።

የመጨረሻውን ነጥብ፣ ግጥም ሰውን ትንሽነቱን ያስተምር የሚለውን፣ ጸሐፊው በዳዊት መዝሙር ደግፈውታል፤ ሰማያትን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ባየሁ ጊዜ ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው? ያሉትን ጠቅሰው አቁመዋል። መዝሙር 8ን በቃሉ የሚያውቅ አንባቢ ግን ቀጣዩን ይሰማል፦ ከመላእክት ጥቂት ብቻ አሳነስኸው፣ በክብር ከለልኸው፣ በእጆችህ ሥራ ላይ ሾምኸው። መዝሙሩ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። ሰው ትንሽ ነው፣ ደግሞም ተሹሟል፤ የተሾመ ደግሞ ይጠየቃል። ጥቅሱ ከመካከል ሲቆረጥ የቀረው ትንሽነቱ ብቻ ነው፤ ትንሽ የሆነ ነገር ደግሞ ለምንም ነገር ተጠያቂ አይሆንም። በመጣጥፉ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ነው።

በኅዳር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በማዕበልና በእሳት ወደመች። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ስለ ጥፋቱ ረጅም ግጥም ጻፈ፤ ሁሉ ነገር መልካም ነው የሚሉትን ፈላስፎች ወደ ፍርስራሹ ጠርቶ እየሞገተ፣ ሰውን በጭቃ ላይ ያለች የምትሠቃይ ቅንጣት ያደርገዋል። ፈላስፋው ሩሶ በነሐሴ 1756 በጻፈለት ደብዳቤ የመለሰለት በጥቂት ቃላት ነው፦ በዚያ ስፍራ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ሃያ ሺህ ቤቶች የሰበሰበችው ተፈጥሮ አይደለችም፤ ነዋሪዎቹ ተራርቀውና በቀላል ቤቶች ኖረው ቢሆን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። እኔ የሩሶ ፍልስፍና ወዳጅ አይደለሁም፤ በግጥምነትም የቮልቴር ሥራ በልጦ እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። ነገር ግን «ተፈጥሮ አሸነፈች» የሚለው ዐረፍተ ነገር የቤቶቹን ቁጥር እንዴት እንደሚሸፍን ያን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ አይስተውም።

ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሚያዝያ 1912 ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ በሰጠመች ጊዜም እንዲሁ ሆነ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቶማስ ሃርዲ በዚያው ዓመት የጻፈው ግጥም ጸሐፊው እንዳሉት እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ መርከቧ በሰው እጅ በቁመትና በውበት ስታድግ፣ በሩቅ በዝምታ የበረዶው ተራራም አብሯት ያድጋል፤ ሁለቱም ሳያውቁት እንደ ሙሽሮች ተጭተዋል። ግሩም ነው፤ በሁለቱም የቃሉ ፍች። ነገር ግን በመርከቧ ላይ ወደ 2,200 ሰው ተሳፍሮ ሳለ 20ዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚይዙት ለ1,178 ሰው ብቻ ነበር፤ ከ1,500 የሚበልጥ ሰውም ሞተ። ግጥም የጀልባ ቆጠራ መያዝ አለበት አልልም፤ ሃርዲ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፣ መብቱም ነው። እኔ የምለው፣ ከዚያ ግጥም ተነሥቶ የዚያን ሌሊት ፍርድ ለበረዶው የሚሰጥ ሐያሲ የጀልባዎቹን ቁጥር የወሰነውን ሰው በነጻ እየለቀቀ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚዘጉት በባይረን ነው፤ በ1818 በወጣው የ«ቻይልድ ሃሮልድ» አራተኛ ክፍል ውስጥ ለውቅያኖስ የተነገሩትን ስንኞች ጠቅሰው፣ ሰው ምድርን በፍርስራሽ ምልክት ያደርጋል፣ ሥልጣኑ ግን በባሕሩ ዳር ያበቃል ይላሉ። ባይረን በጻፈበት ዘመን ይህ እውነት ነበር፤ መርከብ በሸራ የሚሄድበት ጊዜ ነበርና ገጣሚው አልዋሸም። ዛሬ ግን ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አራተኛ እጁ የሚሆነውን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው፤ ውኃው ከዚህ የተነሣ አሲድነቱ ጨምሯል፤ ሙቀቱም ከፍ ብሏል። የሰው ሥልጣን በባሕሩ ዳር አላበቃም፤ ፍርስራሹም አላበቃም። ጸሐፊው ራሳቸው ሰው ምድርን እያበላሸ ነው ብለው ይጀምራሉ፣ በሚቀጥለው አንቀጽ ሰው ከተፈጥሮ ፊት ምንም አይደለም ይላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ሊያድሩ አይችሉም። ምንም ያልሆነ ፍጡር ውቅያኖስን አያኮመጥጥም። ትሕትና ማለት አቅምን መካድ ከሆነ ለአጥፊ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ የለም።

በዚያው ክፍል ውስጥ ጸሐፊው ያልጠቀሱት ሌላ ስንኝ አለ፤ ባይረን ውቅያኖስን፣ ጊዜ በሰማያዊ ግንባርህ ላይ ሽብሽብ አይጽፍም ይለዋል። ጊዜ ያልጻፈውን ሽብሽብ ዛሬ የሚጽፈው ማን እንደሆነ በስሙ ጠርቶ የሚጠይቅ ግጥም ቢመጣ፣ ጸሐፊው በመመዘኛቸው ከየትኛው ወገን ይመድቡት ይሆን? በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢመልሱልኝ በደስታ አነባለሁ።